የሚመለሰው አርባ ብር

ሸዋገነት እጇን ከስፌት መኪናው መዘውር ላይ ሳታነሳ፣ «አርባው ብር የሚመለሰው መቼ ነው?» አለች።

ነጋዴው ዓብዱልአዚዝ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ማስታወቂያ በአገጩ አመለከተ። «ተጽፏል እኮ አቦ! ይህን መኪና ለገዛ ሁሉ ኩባንያው አርባ ብር ይመልስለታል።»

«እሱንማ አንብቤዋለሁ። መቼ ነው ያልኩህ?»

አብራት የመጣችው ጎረቤቷ ኪንሲ ክንዷን ጎተተቻት። «ሌላ ሰው ሳይወስደው ክፈይና እንሂድ። የቀረው አንድ ብቻ ነው።»

ሸዋገነት አልተነቃነቀችም። የያዘችው የዕቁብ ዕጣዋን ነው። ባሏ ዕቃ ሲያወርድ ወገቡን ተጎድቶ ከተኛ ወዲህ ቤቱ የሚጠብቀው እሷን ነው። ለልጆቻቸው ዩኒፎርም እንድትሰፋላቸው የሰፈሩ እናቶች ቃል አስገብተዋታል፤ ትምህርት ቤት ደግሞ ሊከፈት ነው። መኪናውን በሙሉ ዋጋ ከገዛች ለጨርቅ የሚተርፋት የለም። አርባው ብር ከዘገየ፣ ባዶ መኪና አቅፋ መቀመጧ ነው።

ዓብዱልአዚዝ አንገቱን አከከ። «ከካርቶኑ ላይ ምልክቱን ትቆርጪና ከደረሰኙ ጋር አዲስ አበባ ትልኪያለሽ። እነሱ አይተው ብሩን ይልኩልሻል። ሁለት ወር... ቢበዛ ሦስት።»

«ፖስታው መንገድ ላይ ቢጠፋ?»

«ከጠፋማ ምን ይደረጋል?»

«ኩባንያው ቢወረስስ?»

ኪንሲ ወደ በሩ ዞር ብላ አየች። በዚያ ዓመት ባንኩም ፋብሪካውም በየተራ በመንግሥት ተወርሷል፤ በነጋዴ ሱቅ ውስጥ ግን ይህን ጮክ ብሎ የሚያነሳ አልነበረም።

«ቀስ በይ እንጂ እህቴ» አለ ዓብዱልአዚዝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ክፉ ተመኝቼ አይደለም። ቢወረስ ብሬን ማን ይሰጠኛል? አንተ ነህ?»

«እኔ ምን አገባኝ? እኔ ሻጭ ነኝ።»

«እንግዲያው እንዲህ እናድርግ። አንተ ዕቃ ልታመጣ አዲስ አበባ ትመላለሳለህ። ምልክቱንም ደረሰኙንም አንተ ውሰድና አርባውን ከእነሱ ተቀበል። ለእኔ አሁን ከዋጋው ላይ ቀንስልኝ።»

ዓብዱልአዚዝ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። «ወላሂ... ባይሰጡኝስ?»

«እኔም የፈራሁት እሱን ነው።»

ገንዘቡን የቋጠረችበትን መሐረብ ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ ወደ በሩ ሄደች። ኪንሲ ግራ ገብቷት መኪናውንም ጓደኛዋንም እያየች ቆመች። ሸዋገነት ደፉ ላይ ደረሰች፤ በከተማው ውስጥ ሌላ እንዲህ ያለ መኪና እንደማታገኝ ታውቃለች። ቢሆንም ዞር አላለችም። እግሯን ወደ ፀሐዩ አወጣች።

«ሠላሳ!» ብሎ ዓብዱልአዚዝ ከኋላዋ ተጣራ። «ሠላሳውን ልቀንስልሽ። አሥሩ ለድካሜ ይሁነኝ። ከቀረብኝም ይቅርብኝ፣ በቃ!»

ቆመች። በሠላሳ ብር የሚገዛውን ካኪ በሐሳቧ ለካች፤ ለመጀመሪያዎቹ ልጆች ይበቃል። የእነሱ ሂሳብ ሲገባ ደግሞ ለሌሎቹ ትገዛለች።

«አሁን፣ ከዋጋው ላይ?»

«አሁን፣ ከዋጋው ላይ!»

ሸዋገነት መሐረቧን ፈትታ ከፈለች። ካርቶኑን ከነምልክቱ፣ ደረሰኙንም ለዓብዱልአዚዝ ትተውለት፣ መኪናውን በነጠላ ጠቅልለው ከኪንሲ ጋር ግራና ቀኝ ይዘው ወጡ። ኪንሲ ወደ ሰፈር ልትታጠፍ ስትል ሸዋገነት ነጠላውን ወደ ማዶ፣ ወደ ጨርቅ መሸጫው ጎተተችው።

ባለ ጨርቁ አንድ ጥቅል ካኪ ፊታቸው ዘረጋ። ሸዋገነት ጫፉን ያዘችና ወደ ብርሃኑ አንስታ አየችው፤ በሁለት እጇም ወጠረችው።

«ሲታጠብ ያጥራል?» አለች።

ኪንሲ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። አግዳሚው ላይ የተከመረውን ጨርቅ ገፋ አድርጋ፣ ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠች።