ውሃ ያልጠጡት ጡቦች

"እማዬ... አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

አለ ግንበኛው ፈጣኑ፣ ግቢው ውስጥ ሲያያት።

እናቱ ሻርፗን እያስተካከለች ሳቅ አለች።

"የግንበኞቹ ቤተሰብ ይምጣ አልተባለም እንዴ? አንተ ብትረሳኝ ሌላ ሰው ነገረኝ።"

አልረሳትም ነበር... "እናቴን እግሯን ያማታል፣ አትመጣም" ብሎ ዋሽቶ ነበር እንጂ።

ምክንያቱም እሱ ከሠራው የበር ቅስት ሥር እንድታልፍ አልፈለገም።

ፈጣኑ የሚሉት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ሌላው አንድ ረድፍ ሲደረድር እሱ ግድግዳውን ጨርሶ እጁን ይታጠባል።

አሁን ግን ሥልጠና ላይ ነው። ለረጅም ዓመታት ተዘግቶ የኖረ አሮጌ የጡብ ክሊኒክ ሊከፈት ነው፤ ግንበኞቹ ደግሞ በድሮው መንገድ፣ በኖራና በአሸዋ መጠገን እየተማሩ ነው። ሲሚንቶ ግቢው ውስጥ እንዳይገባ ተከልክሏል።

ለፈጣኑ የደረሰው የዋናው በር ቅስት፣ ከበሩ በላይ ጎብጦ የሚገነባው ጡብ ነው።

ነፍሰ ጡሮች የሚገቡበት... ሕፃናት ታቅፈው የሚወጡበት በር።

አሠልጣኙን ሁሉም ጋሼ ነው የሚለው። ጋሼ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ሲደጋግም ነበር።

"ጡቡን በርሜል ውስጥ ንከሩት። አረፋ ማውጣት እስኪያቆም እንዳታወጡት። የተጠማ ጡብ የኖራውን ውሃ መጥጦ ይጨርሰዋል። ኖራው ሳይጠና አቧራ ሆኖ ይቀራል።"

"ጋሼ፣ ስኳርስ አይጨመርለትም?" አለ አንዱ ቀልደኛ።

ሁሉም ሳቁ። ከሁሉም በላይ የሳቀው ፈጣኑ ነበር።

አንድ ቀን ጋሼ አሸዋ ሊመርጥ ወጣ። ፈጣኑ የቅስቱን አናት ሊገጥም ጥቂት ጡቦች ቀርተውታል። በርሜሉን አየው... ደረቆቹን ጡቦች አየ...

"እስኪጠጡ ማን ይጠብቃል?"

ደረቃቸውን ደረደራቸው። ጋሼ ሲመለስ ቅስቱ አልቋል።

"ፍጥነትህ ያስፈራኛል" አለው ጋሼ። ፈጣኑ እንደ ምስጋና ቆጠረው።

በማግስቱ ጠዋት... ቅስቱን በደገፈው ሳንቃ ላይ ትንሽ የአሸዋ ቁልል አገኘ።

በእጁ ጠረገው።

በሚቀጥለውም ጠዋት ነበረ። ማንም ሳይነካው።

ጆሮውን ግንቡ ላይ አስጠጋ...

ችርርር...

ከውስጥ የሆነ ነገር ቀስ እያለ ይፈሳል።

መናገር ይችል ነበር። ግን ቅስቱ ከፈረሰ የምስክር ወረቀቱም፣ ተስፋ የተሰጠው ሥራም፣ ያ ስሙም አብረው ይፈርሳሉ።

ከቤት ሲሚንቶ በፌስታል ይዞ መጣ። ቀለሙ እንዳያስታውቅ ከኖራ ጋር ቀላቅሎ የመጋጠሚያዎቹን ፊት ለፊት ብቻ ደፈነ።

አሸዋው መፍሰሱን አቆመ።

"ተገላገልኩ" አለ በልቡ።

አልተገላገለም። ከዚያ በኋላ ምግብ ሲቀርብለት እንኳ ያ ድምፅ ይሰማዋል።

"ምነው ልጄ?" ትለዋለች እናቱ።

"ደክሞኝ ነው።"

ልብሱን ይዛ ወደ ማጠቢያው ትሄዳለች።

ዛሬ ቅስቱን ከሥር የያዘው የሳንቃ ድጋፍ የሚነሳበት ቀን ነው። ቤተሰብ ሁሉ ግቢው ውስጥ ተሰብስቧል። ጋሼ መዶሻውን ይዞ ድጋፉን የወጠረው ሽብልቅ አጠገብ ቆመ። የራሱ ወግ አለው፤ የሠራው ሰው በአፉ ካልመሰከረ ሽብልቅ አይነካም።

"ሥራህን ታምነዋለህ?"

ሁሉም ፈጣኑን አየው።

"...አምነዋለሁ።"

ይህን ጊዜ እናቱ ከሰዎቹ መሀል ወጣች። ቀስ ብላ ሄዳ በድጋፎቹ መካከል፣ ልክ ከቅስቱ አናት ሥር ቆመች።

"እትዬ፣ ወዲህ ይበሉ። ሽብልቅ ሲነሳ ከሥር ሰው አይቆምም" አላት ጋሼ።

"ልጄ አምነዋለሁ አለ እኮ። ልጄን ደግሞ እኔ አምነዋለሁ።"

ቀልደኛው ሊስቅ ጀመረና ፊቷን ሲያይ ተወው።

እሷ የምታየው ልጇን ብቻ ነው። ከንፈሯ በዝግታ ይንቀሳቀሳል... ስትጸልይ እንዲያ ነው።

ጋሼ መዶሻውን ዝቅ አድርጎ ጠበቀ።

ፈጣኑ ያ ድምፅ ይሰማዋል...

ችርርር...

"እማዬ ውጪ!" ሮጦ ክንዷን ይዞ ጎተታት። "ውጪ በእናትሽ... ጋሼ አትንካው፣ ጡቦቹን ደረቃቸውን ነው የደረደርኳቸው። ፊቱን በሲሚንቶ ነው የሸፈንኩት..."

ጋሼ መሰላል ላይ ወጥቶ አንዱን መጋጠሚያ በመሮ ነካ አደረገው። ግራጫው ቅርፊት ተነሳ።

ከኋላው አሸዋው እንደ ተቀደደ ጆንያ ፈሰሰ። አንድ ጡብ በባዶ እጁ ስቦ አወጣ።

"ይሄ በሩ ከተከፈተ በኋላ ቢሆን..." ብሎ ጀመረ። አልጨረሰውም።

ፈጣኑ መሬት ላይ ተቀምጦ እናቱን ቀና ብሎ አያት።

"አንቺማ ምንም ሳታውቂ ገብተሽ..."

"አውቃለሁ" አለችው።

"...ምን?"

"ሱሪህን የማጥበው እኔ አይደለሁም? ኖራ በውሃ ይለቃል። እጥፋቱ ላይ የደረቀው ግን በድንጋይ ባሸውም አልለቀቀም። ሲሚንቶ ክልክል ነው ያልከኝ አንተው ነህ።"

"ታዲያ ለምን ለጋሼ አልነገርሽውም?"

"ብነግረው ግንቡ ይድን ነበር" አለች። "አንተስ?"

ፈጣኑ እንደ ልጅ ጠየቃት።

"ባልናገርስ ኖሮ፣ እማዬ?"

"እስክትናገር እዚያው ነበርኩ።"

ቅስቱን ራሱ አፈረሰው። የዚያን ጊዜ የምስክር ወረቀት አልተሰጠውም፤ ሥራውንም ሌላ ሰው ወሰደው። ጋሼ ግን ከሚቀጥሉት ሠልጣኞች ጋር እንደ አዲስ አስገባው። ዛሬም ስሙ ፈጣኑ ነው... በርሜሉ ዳር ተቀምጦ አረፋው እስኪያቆም ሲጠብቅ ለሚያየው ሰው ግን ቀልድ ይመስላል።

ወዳጆቼ... የሸፈንነው ጥፋት አይጠፋም። ጸጥ ብሎ ከሥሩ የሚያልፍ ሰው ይጠብቃል። የሚያልፈው ደግሞ የማን እናት እንደሆነች እግዜር ብቻ ነው የሚያውቀው።

እስቲ ከልባችሁ መልሱልኝ... በእሷ ቦታ ብትሆኑ ቀድማችሁ ለጋሼ ትነግሩት ነበር... ወይስ ልጃችሁን አምናችሁ ከቅስቱ ሥር ትቆሙ ነበር?