የጥድ ሰጋቱራ

አናጢው እጁን ወደ መስታወቱ ሳጥን ሰድዶ፣ ከሴት ልጁ እንሽላሊት ሥር ሰጋቱራውን በእፍኙ ይዝቅ ጀመር። ትናንት ማታ ከሥራ ቦታው በጆንያ ተሸክሞ ያመጣው፣ ሽታው ቤቱን ያወደው የጥድ ሰጋቱራ ነበር። ልጁ ያነጠፈችውን ንጹሕ ሶፍት ጨምድዶ የጣለውም እሱ ነው፤ "የአናጢ ቤት እንስሳ ሶፍት ላይ ሲተኛ ሰው ቢያይ ምን ይለኛል?" ብሎ። ጠዋት ሲነሡ እንሽላሊቷ አፏን ከፍታ፣ ጎኗ እንደ ወናፍ እየተነፋ ትንፋሽ አጥሯት ነበር።

"ሽታው ነው አባዬ፤ የጥድ ሽታ ሳንባቸውን ይጎዳል" አለች ልጁ፣ አዲስ ሶፍት እያቀበለችው።

"ደግሞ ይኼን ማን ነገረሽ?" አለ ቱግ ብሎ።

"እንሽላሊቷን የሸጠልን ሰውዬ። ሶፍት አንጥፊላት፣ ሲቆሽሽ ቶሎ ይታይሻል፤ ጥድ ግን እንዳታስጠጊባት ብሎኝ ነበር።"

"ታዲያ ትናንት አፍሽን ምን ዘጋው?"

ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "እማዬ፣ 'ዝም በዪ፣ ቤቱን በጩኸት ያናጋዋል። ጠዋት ሥራ ሲሄድልን እንቀይረዋለን' አለችኝ።"

አናጢው ዘወር ሲል ሚስቱ በሩ ላይ ቆማለች፤ ዓይኖቹን ሸሽታ ወለሉን አየች። በዚያ ቤት ጩኸቱን ፈርተው፣ እሱ እስኪወጣ የጠበቁት ስንት ነገር ይኖር ይሆን? ፊቱ በሐፍረት እሳት ሆነ። እንሽላሊቷ አሁን ባነጠፈላት ሶፍት ላይ ቀስ ብላ አፏን ገጠመች። ሳጥኑ ውስጥ አንድም ሰጋቱራ አልቀረም፤ እሱ ግን ቀና ማለት አቅቶት፣ ባዶውን ጥግ በጣቱ መጥረጉን ቀጠለ።