የመውጫ ፈተና

ሰገራው ሆዱ ላይ በተለጠፈ ከረጢት የሚወጣለት ሕመምተኛ፣ ከረጢቱን ራሱ መንከባከብ ካልቻለ ሆስፒታሉ ወደ ቤቱ አይሸኘውም። አዲሷ ነርስ አልጋው ላይ የተጋደሙትን ሽማግሌ መፈተን ጀመረች።

«አባባ፣ ከረጢቱ መቼ ይደፋል?»

«ጢም ሳይል፣ ገና ሲጋመስ።»

«ጎበዝ! ዙሪያውን ያለውን ቆዳስ በምን ያጥቡታል?»

ሽማግሌው ጣሪያ ጣሪያውን አዩና «በአረቄ» አሉ።

«አንተ አጥናፉ!» የሚል ጩኸት ከአልጋው ስር ተሰማ። «ለብ ባለ ውሃ ነው እንጂ! ስንቴ ነው የማስጠናህ?»

ነርሷ ደንግጣ ጎንበስ አለች። አስታማሚ ከሚተኛበት ፍራሽ ላይ ሌላ ሽማግሌ በእንብርክካቸው እየወጡ ነው።

«ወንድሜ ነው። ሆዴን ለሴት አልገልጥም ብዬ ብተካው ሊያስወድቀኝ ነው!» አሉና ሸሚዛቸውን እስከ ደረታቸው ሰበሰቡት። «ነይ፣ እዪው ልጄ!»