ሁለት ጀሪካን ጸበል

አሮጊቷ መራመድ የተሳነውን የልጅ ልጃቸውን ይዘው ጸበሉ ቦታ ከመጡ አርባ ቀን ሊሞላቸው ነው። የጎረቤታቸው የአስካለ ልጅ ትናንት ተነስታ ሦስት እርምጃ ሄደች፤ የእሳቸው ይትባረክ ግን ዛሬም ከምንጣፉ አልተነሳም። አሮጊቷ ከሰው ጋር እልል አሉ፤ ሆዳቸው ግን አረረ። «አንድ ጸበል፣ አንድ ቄስ! ምነው ጌታዬ፣ የእኔን ልጅ አላየኸውም?»

ጠዋት አስካለ ቅዳሴ ስትሄድ ጠብቀው፣ በራፉ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡትን የእሷንና የራሳቸውን የጸበል ጀሪካኖች አለዋወጡ። የእሷ ነው ካሉት ቀድተውም ልጁን አጠጡት።

አስካለ ከቅዳሴ ስትመለስ እግራቸው ላይ ወደቀች።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ከመውጣቴ በፊት ጀሪካኖቹን ቀያይሬያቸዋለሁ።»

«አንቺ ደግሞ ምን ጎደለሽ? ልጅሽ ሄደችልሽ!»

«ሄደች። ግን ከታመመች ወዲህ አንድ ቃል አልወጣትም። የእርስዎ ይትባረክ ቀኑን ሙሉ ሲለፈልፍ፣ ሲስቅ ስሰማ ቅናት አንጀቴን በላው።»

አሮጊቷ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። «ተነሺ ልጄ። አንቺ ከወጣሽ በኋላ እኔም መልሼ ቀይሬያቸዋለሁ።»

ከውስጥ ይትባረክ ጮኸ፦ «አያቴ! ርቦኛል እኮ! ወሬያችሁ አያልቅም እንዴ?»

ሁለቱም ድምፁን አዳመጡ።