ከባዱ ስድስት ጎራሽ

«ይኸው መጫወቻህ!» አሉ ሚስ ኒዳ፣ ሽጉጡን የመሣሪያ ሱቄ ባንኮኒ ላይ እያስቀመጡ።

ተናደዋል። ቢሆንም ጥይት መጉረሻው ተከፍቶ፣ ባዶነቱ እየታየ፣ አፈሙዙ ወደ ግድግዳ ዞሮ ነው ያስቀመጡት። እዚህ ቴክሳስ ሜዳ ላይ ሰው እንኳን ተቆጥቶ አብዶም ይህን አይስትም። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ከከተማው ሃያ ማይል ርቀው፣ ዶሮና ጥቂት ከብት ይዘው ብቻቸውን ይኖራሉ።

ሽጉጡን አወቅኩት። አምና «ለእርስዎ ቀላሉ ነው የሚሻለው» ብዬ የሸጥኩላቸው እኔው ነኝ።

«አንዴ ተኮስኩበት» አሉኝ። «የእጄ አንጓ ሳምንት ሙሉ አብጦ ከረመ። ከዚያ ወዲያ እጄ ፈራው። ባለፈው ማክሰኞ እባብ ዶሮ ቤት ገብቶ፣ ይህን ይዤ ፊት ለፊቱ ቆምኩ፤ ጣቴ እምቢ አለ። ቲተር መሀላችን ገብቶ ተነደፈ። በማግስቱ ቀበርኩት።»

ቲተር ውሻቸው ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሱቄ በር ላይ ተኝቶ ሲጠብቃቸው አይቼዋለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ልጃቸው ሮይስ በሩ አጠገብ ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ ቆሟል። አማሪሎ ከተማ፣ እሱ ቤት ውስጥ፣ ክፍል ካዘጋጀላቸው ሁለት ዓመት አልፎታል።

«ውላችንን ንገሪው፣ እማዬ» አለ።

«አፍ አለኝ፣ እነግረዋለሁ። ሰባት እርምጃ፣ አንድ የወረቀት ሳህን፣ አምስት ጥይት። አምስቱንም ካስገባሁ ይኼ ልጅ ስለ አማሪሎ ዳግመኛ አይተነፍስም። አንዷ ከሳተች ዶሮዎቹን ለጎረቤት ሰጥቼ አብሬው እሄዳለሁ።»

«ይኼ ልጅ» ያሉት ሰውዬ ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው።

ሮይስ የመስታወት ሣጥኑ ውስጥ ወዳለች ትንሽ ሽጉጥ ጠቆመ። «ያቺስ? የጥንቸል ጥይት የምትጎርሰው? እሷ ስትተኮስ ወደ ኋላ አትራገጥም።»

አትራገጥም፣ እውነት ነው። ቃታዋ ግን ድንጋይ ነው፤ ትንሿ ጥይት በኃይል ካልተመታች አትፈነዳም። ሚስ ኒዳ የባዶዋን ሽጉጥ ቃታ ሳቡ። አንዴ። ሁለቴ። ሦስተኛው ላይ ጣታቸው መሀል መንገድ ቀረ።

«ውሰዳት» አሉ።

«እጅዎን ያሳዩኝ እስቲ፣ ሚስ ኒዳ።»

ዘረጉልኝ። የጣቶቻቸው መጋጠሚያ እንደ ዝንጅብል አብጧል። አምና የእጅ ቦርሳቸውን አይቼ ነው ትንሽና ቀላል ሽጉጥ የሸጥኩት። እጃቸውን አላየሁም። ሠላሳ ዓመት በዚህ ሥራ ቆይቼ!

ጎንበስ አልኩና ከታችኛው መደርደሪያ አሮጌውን ስድስት ጎራሽ አወጣሁ። ሁለመናው ከባድ ብረት ነው፤ ቃታው ከብዙ ዓመት አገልግሎት ለስልሷል። ወፈር ያለ የጎማ እጀታ ገጠምኩለት።

«ይኼን ግንድ?» አለ ሮይስ። «ክንዷን ልትሰብራት ነው?»

«ርግጫውን የሚውጠው ክብደቱ ነው። ያኛው ቀላሉ የሚውጥበት አካል ስለሌለው ሁሉን ለእጃቸው ሰጠው።» ወደ እሳቸው ዞርኩ። «ቃታውን በባዶው አሥር ጊዜ ይሳቡ። አሥር ካልሞላ አልሸጥልዎትም።»

«አሁን ገና ሥራህን ጀመርክ» አሉኝ።

ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እየቆጠሩ ሳቡ። ሰባት ላይ ከንፈራቸው ነጣ። አሥር ብለው ሲጨርሱ ሮይስ ባርኔጣውን ማሽከርከር ተወ።

ከሱቁ ጀርባ የአፈር ክምር አለን። ምሳዬን የበላሁበትን ሳህን፣ የባቄላው መረቅ እንዳለበት፣ እንጨት ላይ ቸነከርኩት። ባሩዱ ቀነስ ያለ ጥይት መርጬ፣ ውሉ አምስት ቢሆንም እጄ ለምዶ ስድስቱንም የጥይት ጎሬ ሞላሁ። ጆሯችንን ሸፈንን።

አንደኛዋ ገባች። ሁለተኛዋም፣ ሦስተኛዋም። አራተኛዋ የመረቁን ጠርዝ በሳች። ሽጉጡ ከእጃቸው ላይ ብዙም አልዘለለም።

አምስተኛዋ ላይ ጣታቸው ቆመ። ቃታው ግማሽ መንገድ ሄዶ ተመለሰ። እንደገና ሞከሩ፤ ተመለሰ።

«በቃ፣ እማዬ!» ብሎ ጮኸ ሮይስ፣ ድምፁ ተሰብሮ። «አራት ይበቃል። አሸንፈሻል፣ ተይው!»

«እባቡ አራት ይበቃል ይለኛል?»

ዓይናቸውን ከሳህኑ አላነሱም። የግራ ጣታቸውን በቀኙ ላይ ደረቡና በሁለቱም ሳቡ። ተኩሱ ጮኸ፤ ሳህኑ ግን ንቅንቅ አላለም።

ሳተች ብዬ አሰብኩ። ሮይስ ደስ ያለው አይመስልም። ለሁለት ዓመት የለመነው ነገር እጁ ሊገባ ነው፤ እሱ ግን መሬት መሬት ያያል።

«ስድስት ጎራሽ ነው የሸጥክልኝ አይደል?» አሉኝ።

መልሴን አልጠበቁም። ሁለቱን ጣቶች እንደደረቡ ሳቡ። ሳህኑ መሀሉን ተመትቶ ዘለለ።

ከዚያ መጉረሻውን ከፍተው ቀለሆቹን አራገፉ፤ ባዶውን ሽጉጥ ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት። እጃቸውን እያሹ «ሂድና ቁጠር» አሉት ልጃቸውን።

ሮይስ ሰባቱን እርምጃ ሄደ። ሳህኑ ፊት ብዙ ቆመ። እኔም ተከትዬ አየሁ፤ አምስተኛዋ የሳህኑን ጠርዝ ገምጣ ነው ያለፈችው፣ ቀዳዳው ግማሽ ነው። አልገባችም ቢል የሚከራከረው የለም።

ጣቱን ግማሿ ቀዳዳ ላይ አሳረፈ።

«ስድስት» አለ።

ሳህኑን ከእንጨቱ ነቀለ። ምግብ እንዳለበት ሁሉ በሁለት እጁ አግድም ይዞ፣ ስለ አማሪሎ ሳይተነፍስ፣ ከእናቱ ኋላ ኋላ ወደ መኪናው ሄደ።