ትመለሳለች?

የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጅ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ስትገባ የተወሰደባትን የጫማ ክር፣ ወደ ቤቷ በምትሄድበት ዕለት ነርሷ መለሰችላት። ልጅቷ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ማሰር ጀመረች። መድኃኒቱ ጣቶቿን ስለሚያንቀጠቅጣቸው ክሩ ቀዳዳውን እየሳተ አስቸገራት። ነርሷ ልታግዛት ጎንበስ ስትል ግን "ተዪኝ ሲስተር፣ እችላለሁ" ብላ ሳቀች። ስትስቅ ሲሰሟት የመጀመሪያዋ ነበር።

እናቷ የልብሷን ቦርሳ እንደያዘች ወደ ሐኪሙ ጠጋ አለች። "ዶክተር፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ተመልሳ ትገባለች?"

"እርግጡን መናገር አይቻልም" አለ ሐኪሙ። "ግን ቤት ውስጥ የሚሰማት ሰው ካለ ላትመለስ ትችላለች። ዋናው መድኃኒት እርስዎ ነዎት።"

እናትየው ፊቷ ቅጭም አለ። ወደ ልጇ ዞረች። "ሰማሽ አይደል? ዳግም ብትታመሚ የምወቀሰው እኔ ነኝ። ለጎረቤቱ ሁሉ አክስቷ ጋ ናት ብያለሁ። ሁለተኛ ካዋረድሽኝ ልጄ ነሽ አልልም።"

የልጅቷ ጣቶች ክሩ ላይ ቆሙ። "እሺ፣ እማዬ።"

ሐኪሙ ያችን "እሺ" ያውቃታል። እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ ያመጧት ዕለት፣ ለጠየቃት ሁሉ የመለሰችለት እሷኑ ብቻ ነበር።