እሺ የማይለው አባት

ጓደኛዬ የሠራው ጌም የመኪና እሽቅድምድምና ሽምግልና በአንድ ላይ ነው። ሽማግሌዎቹን ሚኒባስ ላይ ጭነህ ትከንፋለህ፤ የአንዳቸው ጋቢ በመስኮት ከበረረ ነጥብ ይቀነስብሃል። ይህን ያሰበ ጭንቅላት ይባረክ!

አጥር ጥሰህም ቢሆን የልጅቷ ቤት ትደርሳለህ። ሽማግሌዎቹ አንቀመጥም ብለው ቆመው ይለምናሉ። አባትየው "ዘመድ እናማክርና ሌላ ቀን ተመለሱ" ይላል፤ አንተም ከመነሻው ትጀምራለህ። ሁሌም!

"አንተ ሰው" አልኩት፣ "ጌም እኮ ማለቂያ አለው። ሰውየው አንድ ቀን እንኳ እሺ ቢል ምናለበት? ሁለት መስመር ኮድ አቃተህ?"

"ኮዱማ ቀላል ነው" አለኝ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ። "እኔ የላክኋቸው ሽማግሌዎች ግን አባት እሺ ሲል ምን እንደሚል እስካሁን ሰምተው አልመጡልኝም።"